ካሶኒ ሠሪ መርከብ ሲሠራ

መዶሻዬን የሰቀልኩት ባለፈው ዓመት ነው። ሰቀልኩ ስል እውነትም ሰቅዬዋለሁ፤ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከልጆቼ የምርቃት ፎቶ ጎን። ባለቤቴ «ይሄ ጥቁር ብረት እዚህ ምን ይሠራል?» እያለች ሁለት ጊዜ አውርዳዋለች፤ ሁለቴም መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ጡረታ ያስወጣኝ እድሜ ብቻ አይደለም። ድሮ የጭነት መኪና የሚገዛ ሰው ጋቢናና ጎማ ብቻ ይዞ ይመጣና ጀርባውን፣ ማለትም ጭነት የሚያርፍበትን ካሶኒ፣ እኛ እንሠራለት ነበር። አሁን መኪናው ከነካሶኒው ሙሽራ መስሎ ይመጣል። ለእኔ ቢጤ የቀረው የተጋጨውን ማቃናት ነው፤ እሱን ጉልበት ያላቸው ይሥሩት ብዬ ወጣሁ።

ስለ ካሶኒ ግን ማንም አይጠይቀኝም። አምቦ ገበያ ላይ የሚያስቆመኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ በደንዲ ሐይቅ ላይ ስለምትመላለሰው የብረት ጀልባ ነው። የዚያ አገር ገበሬ «መርከቧ» ነው የሚላት፤ ደስ ስለሚለኝ አላርመውም። መንገድ ላይ ቆሞ የማይነገር ብዙ ነገር ስላላት እነሆ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ስሜ መኮንን ነው፤ ከባኮ እስከ ጊንጪ ግን «መኮንን ካሶኒ» ካላላችሁ የሚያውቀኝ አታገኙም። ሥራ የጀመርኩት ባኮ ነው። ባኮ ቆላ ነው፤ ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ብረት በባዶ እጅ አይነካም። የበቆሎ ወቅት ሲደርስ አይሱዙ ሁሉ በሰልፍ ይቆማል፤ ሁሉም ግድግዳው ከፍ፣ ወለሉ ሰፋ እንዲልለት ይፈልጋል። ጥቂት ጆንያ የሚያስጨምር ካሶኒ የሠራ ሰው በባኮ ይከበር ነበር፤ እኔም ተከብሬአለሁ። ጫኝና አውራጁ ጆንያውን ቆልሎ ቆልሎ ሲጨርስ ሰው ከላይ ይወጣል፤ ከሰውየው ጋር ደግሞ ዶሮው። ይህን አይቶ የሚደነግጥ አልነበረም። እንዲያውም ከላይ ነፋሱም እይታውም ስለሚመች ቦታው ሽሚያ ነበረው።

ከባኮ ወደ ጊንጪ፣ ከጊንጪ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ወደ አምቦ፣ ሐጂ ሙደሲር ጋራዥ ገባሁ። ሐጂ ከስልጤ የመጡ ነጋዴ ናቸው። ስለ ብረት አያውቁም፤ ብረት የሚያውቀውን ሰው ግን አይተው ይለያሉ። ደመወዝ አያዘገዩም፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ጋሽ ተፈራን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሽ ተፈራ የብረት ክፍሉ አለቃ ነበሩ፤ ያኔ ሰባን አልፈዋል። ማንኛውም ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ጭነቱ ማን ነው?» ብለው ነው። «ምንድን ነው» አይሉም። «ሲሚንቶ ዝምተኛ ነው፤ ባስቀመጥክበት ይቀመጣል። በሬ ግን ያስባል። መታጠፊያ ላይ ሁሉም በአንድ ጎን ይደገፋል። ለሚያስብ ጭነት ሌላ ካሶኒ ነው የሚሠራው» ይሉናል። እኛ እንስቃለን፤ እሳቸው አይስቁም።

የተበየደ ሥራ ሊመረምሩ ሲሉ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ከኪሳቸው ትንሽ መዶሻ ያወጣሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ብረቱን ቀስ እያሉ ይመታሉ። በዚያ ሰዓት ጋራዥ ውስጥ ማፏጨት ክልክል ነው። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የታመመው ያጉረመርማል። ያጉረመረመውን ቦታ በጠመኔ ይከቡትና ቃል ሳይተነፍሱ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ። በመጀመሪያው ሰሞን ያንን ነጭ ክብ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

«ጋሽ፣ ምኑ እንዳልጣመዎት ይንገሩኝ እንጂ!»

«እሱ ይንገርህ» ይሉና ብረቱን ያሳዩኛል።

ይህን ሁሉ የተማሩት ጋምቤላ ነው። በወጣትነታቸው በባሮ ወንዝ ላይ በእንፋሎት የሚሄዱ የብረት የጭነት መርከቦች ነበሩ፤ ገና በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተሠሩ፣ ያኔም ያረጁ። ወንዙ በበጋ ሲጎድል አንዷ ዳር ላይ ትቀራለች፤ ያኔ ጥገና ይጀመራል። ጋሽ ተፈራ ስለዚያች መርከብ ሲያወሩ ምሳ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ከሥር ወፍራሙ ብረት እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ከሱ ላይ የጎድን አጥንቶቹ እንዴት እንደሚቆሙ፣ ላሜራው እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዝ በጠርዝ እንዴት እንደሚደራረብ በእጃቸው ያሳዩናል። ያን ጊዜ ብየዳ የለም። የሚያያይዘው ሪቬት የሚሉት ባለ ቆብ ብረት ነው። በከሰል ይግላል፣ በቀዳዳው ይገባል፣ አንዱ ከውስጥ በከባድ መዶሻ ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ከውጭ ሳይቀዘቅዝ ይቀጠቅጠዋል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ሁለቱን ላሜራ አጥብቆ ይስባቸዋል። የጋሽ ተፈራ ሥራ ከውስጥ ደግፎ መያዝ ነበር፤ አንደኛው ጆሯቸው የደነቆረው በዚያ ነው። ጥገናው ሲያልቅ መርማሪ ይመጣል፤ ትንሽ መዶሻ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየመታ ያዳምጣታል፤ የላላውን ሪቬት በጠመኔ ይከባል። ክብ ያለባት መርከብ አትጫንም። በጎኗ ላይ ደግሞ ውኃ ሊያልፈው የማይገባ መስመር ይቀባል። እኔ ይህን ሁሉ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። አምቦ ላይ መርከብ ምን ሊሠራ!

አንድ ቀን አዴ ብርቄ ጋራዡ በር ላይ ቆሙ፤ አዴ ወይዘሮ፣ ኦቦ ደግሞ አቶ እንደማለት ነው። በደንዲ ሐይቅ ማዶ ያሉ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ሐይቁ በተራራ ተከቦ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ነው፤ የእነሱ መንደር ደግሞ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ። ስንዴና ድንች ለገበያ የሚያወጡት በአህያና በፈረስ፣ ሐይቁን በገደሉ አፋፍ ዞረው ነው። ታማሚም በዚያው በቃሬዛ ይወጣል። ዝናብ ሲሆን አህያዋ ከነጭነቷ ትንሸራተታለች። ማኅበርተኞቹ ለጀልባ አዋጥተው ሠሪ ያፈላልጋሉ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ መኮንን» አሉኝ። «አይሱዙ የሚሠራ ሰው ጀልባ ያቅተዋል?»

«ምን ያቅተዋል!» አልኩ። ጋሽ ተፈራ ያኔ ለዓይናቸው ሕክምና አዲስ አበባ ነበሩ።

ሠራኋት። ወለሏ ጠፍጣፋ፣ ግድግዳዋ ቀጥ ያለ፣ ብየዳዋ እንደ ጥልፍ። እርጥበት ስንዴውን እንዳይነካው ብዬ ወለሉን በመስቀለኛ ብረት ከፍ አድርጌ አነጠፍኩት፤ ልክ ለአይሱዙ እንደማደርገው። ውኃ ላይ ስናወርዳት ጠብታ አላስገባችም። እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ከጊንጪ የመጡ ጫኝና አውራጆች ስንዴውን ጫኑ። አንድ ድርድር፣ ሌላ ድርድር፣ ሌላም፤ በላዩ ሰው። ከላይ መቀመጥ ለምዶባቸዋል፤ እኔም ማየት ለምዶብኛል። ዳር ቆሜ አጨበጭብ ነበር።

መጨረሻ የወጣው ኦቦ ዲንቃ ነው። ግዙፍ ሰው ነው፤ ከጭነቱ አብዛኛው ስንዴ የእሱ ነበር። እንደ ባለንብረት ምርጡን ቦታ ያዘ። ጀልባዋ ገና ከዳር ፈቀቅ ስትል አንዱ ከዳር ጠራቸውና ሁሉም በአንድ ጎን ዞረው እጅ አውለበለቡ። ጀልባዋ ላም ጎኗን እንደምትጥል ቀስ ብላ ተኛች። ውኃው ከደረት አያልፍም ነበርና ሰው ሁሉ ወጣ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስንዴው ግን ገባ። ኦቦ ዲንቃ ከጋቢው ውኃ እያንጠባጠበ ወደ ዳር ወጣ፤ አየኝ፤ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ጊንጪ ገበያ ስንገናኝ ሰላምታዬን አልመለሰም።

የወረዳው መሥሪያ ቤትም ከዚያ ወዲያ በመሐንዲስ ሳይመረመር ጭነት የሚይዝ ጀልባ ሐይቁ ላይ አይወርድም አለ። በማኅበሩ ስብሰባ ግማሹ ሰው «ብረቱን ለቆራሌ ሸጠን አህያ እንግዛ» አለ። እኔም ተጠርቼ ከኋላ ተቀምጫለሁ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። አዴ ብርቄ ተነሡ።

«አህያማ ነበረን። አህያው ነው የጨረሰን። ሰውየው ድጋሚ ይሥራ። በመሐንዲስ ፊት ካላለፈች ብረቱም ይሸጥ፣ እኔም ከወንበሬ እወርዳለሁ» አሉ።

«ቶሌ» አሉ ሽማግሌዎቹ፤ እሺ ማለታቸው ነው። ኦቦ ዲንቃ ግን ተነሥቶ ወጣ። እንግዲህ የአዴ ብርቄ ወንበር፣ የማዶው መንደር መንገድና የእኔ ስም በአንድ ጀልባ ተሳፈሩ።

ጋሽ ተፈራ ከሕክምና ሲመለሱ ይዣቸው ሄድኩ። ጀልባዋ ዳር ላይ ተገልብጣለች። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየመቱ ዞሯት። አንድም ክብ አላደረጉም።

«ብየዳህ እንከን የለውም» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ምስጋና ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እሳቸው ቀጠሉ፦ «ግን ይሄ ጀልባ አይደለም፣ መኮንን። ጎማ የጠፋበት አይሱዙ ነው።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሳቅ አፈነኝ፤ ቆሜ መሳቅ አቅቶኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እውነታቸውን ነው። መሬት ክብደትን ችሎ ዝም ይላል፤ ውኃ ግን ክብደቱ የት እንደተቀመጠ ይጠይቃል። እኔ ጭነቱን ከፍ አድርጌ አስቀምጬ ነበር፤ ጭነቱ ደግሞ እጅ የሚያውለበልብ ጭነት ነበር።

ሁለተኛዋን አብረን አሰብናት። የድሮዋን በታትነን ላሜራዋን ተጠቀምን። ሆዷን አሰፋን፤ ጥልቀት ሰጠናት፤ ጭነቱ ከውኃው ወለል ዝቅ ብሎ ከታች እንዲተኛ አደረግን። ከፊትና ከኋላ አየር ብቻ ያለበት የታሸገ ክፍል ሠራን፤ ውኃ ብትጠጣ እንኳ እንዳትሰጥም። ሰው በጎንና በጎን በዝቅተኛ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። የቀረን ጆንያ ላይ የመውጣት ልማድ ነበር።

«ሰውን እንምከር?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ባኮ ላይ ምክር ማን ይሰማ ነበር!» አልኳቸው። ከጭነቱ በላይ የሚከደን የቤት ጣሪያ የመሰለ ተዳፋት ክዳን ሠራሁ። ጆንያ ከሱ በላይ አይቆለልም፤ የወጣበትም ሰው ይንሸራተታል። ጋሽ ተፈራ በእጃቸው ዳበስ አድርገው «ይሄ ከጋምቤላዋ ይበልጣል» አሉ። ያን ቀን ከጋራዥ እስከ ቤቴ በእግሬ እንደሄድኩ አላስታውስም፤ የበረርኩ ይመስለኛል።

ችግሩ ማጓጓዙ ነበር፤ ይህቺ እንደ ድሮዋ እንዳለች በሰው ትከሻ የምትወርድ አልነበረችም። መኪና ከአፋፉ አያልፍም። በሦስት ክፍል ከፍለን አምቦ ላይ በየድናት፤ ከዚያ አፋፉ ድረስ በአይሱዙ፣ ከአፋፉ እስከ ውኃው በሰው ትከሻ። አዴ ብርቄ ደቦ ጠሩ። ወንዱ በረጅም እንጨት አንጠልጥሎ እየዘፈነ አወረዳት፤ ሴቱ እህልና ጠላ ይዞ ከኋላ። እኔ «ቀስ! ቀስ!» እያልኩ ስጮህ ድምፄ ተዘጋ። ኦቦ ዲንቃ አልመጣም።

ሦስቱን ክፍል ዳር ላይ በብየዳ ልናገናኝ ጀነሬተር አስነሣን። የደንዲ ነፋስ ግን የብየዳውን እሳት ይበትነዋል። ለመፈተን መገናኛውን ከውጭ ኖራ ቀባን፤ ከውስጥ ነጭ ጋዝ አፈሰስን። ጋዝ ውኃ የማያልፍበትን ቀዳዳ ያልፋል፤ ባለፈበት ኖራው ይጠቁራል። ኖራችን ነብር መሰለ። በንዴት ጓንቴን ሐይቁ ውስጥ ወረወርኩት። ጋሽ ተፈራ ጓንቱ ሲንሳፈፍ አዩና «ወናፍ ያለው ሰው እዚህ አገር የለም?» ብለው ጠየቁ።

ነበረ። ማረሻ የሚሠሩ ቀጥቃጮች ከመንደሩ ወናፋቸውንና ከሰላቸውን ይዘው መጡ። ብየዳውን ቆርጠን ጣልን፤ መገናኛውን በሰፊ ብረት ደረብን፤ በሳነው፤ በጋለ ሪቬት መታነው። እኒያ አዛውንት ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ገብተው ከባዱን መዶሻ ደግፈው ሲይዙ እኔ ከውጭ እመታለሁ። «ምታ! ሳይጠቁር ምታ!» ይላሉ ከውስጥ። ቀጥቃጩ ሪቬቱን በጉጠት ሲያቀብለኝ ብርቱካን ይመስላል። ድምፁ ተራራው ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ የመንደሩ ሰው ሥራ ፈትቶ ከቦናል። እንዲያ ያለ የሥራ ደስታ በሕይወቴ አላየሁም። ኖራውን ድጋሚ ቀባን፤ ጋዙን አፈሰስን። አንድ ቦታ ብቻ ጠቆረ። ጋሽ ተፈራ በጠመኔ ከበቡት፤ ሪቬቱን አውጥተን በአዲስ መታነው። በሦስተኛው ፈተና ኖራው እንደ ነጠላ ነጭ ሆኖ ዋለ።

የምርመራው ቀን ኢንጅነር ሰላማዊት መጣች። የልጄ እኩያ ናት፤ በቦቲ ጫማ ገደሉን ወርዳ «ነጋ ቡልተኒ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ስትል ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ፈታ አለ። ከቦርሳዋ መጀመሪያ ያወጣችው ምን ይመስላችኋል? ትንሽ መዶሻ። ጋሽ ተፈራም ከኪሳቸው አወጡ። ሁለቱ ተያይተው ሳቁ፤ እሷ በቀኝ፣ እሳቸው በግራ እየመቱ ዞሯት።

«እኔ ሪቬትን በትምህርት ቤት በሥዕል ነው ያየሁት፣ አባቴ» አለቻቸው።

«እኔ ደግሞ ሥዕሉን አላየሁትም፤ አሳዪኝ» አሏት። ምሳ ሰዓት ላይ በስልኳ አሳየቻቸው።

ከዚያ መካከል ላይ ቱምቢ ሰቀለች፤ ግንበኛ ግድግዳ የሚያቀናበትን ባለ ክብደት ገመድ። ድንጋይ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እያዛወረች ገመዱ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ለካች፤ ተቀምጣ አሰላች። «ስትገፋ በራሷ ትመለሳለች ወይስ አትመለስም፣ ጥያቄው ይኸው ነው» አለችኝ። መልሱ ወጣ፦ ትመለሳለች! ሆኖም እኔ በጎኗ ላይ የቀባሁትን የጭነት መስመር አስጠፍታ በመዳፍ ስፋት ዝቅ አደረገችው። ተከራከርኩ።

«ነፋስ ሲነሣ ይመርቁኛል» አለችና ብሩሹን ሰጠችኝ። አሁን ነፋስ በተነሣ ቁጥር እመርቃታለሁ።

የቀረው የጭነት ፈተና ነው። «እስከ መስመሩ ድረስ አሸዋ በጆንያ ጫኑልኝ፤ ተሻግራ ትመለስ» አለች።

አዴ ብርቄ ግን «አሸዋ አይጫንም» አሉ። «አሸዋ ጭነን ብንሻገር ነገ ስንዴውን የሚያምናት ማን ነው? ስንዴ ይጫን።»

ማዶ ካለው መንደር በአህያ ዞሮ የመጣ ስንዴ፣ ለጊንጪ ገበያ የተዘጋጀ፣ እዚያው ተደርድሯል። ባለቤቶቹ ያኔ ከሐይቁ የወጡት ሰዎች ናቸው። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አዴ ብርቄ የራሳቸውን አንድ ጆንያ ብቻቸውን ይጎትቱ ጀመር። ማንም አልተከተላቸውም። ኢንጅነሯ ብታሳልፋት እንኳ እነዚህ ሰዎች ካላመኗት ዳር ላይ የምትዝግ ቆርቆሮ ናት።

ከሕዝቡ ኋላ ኦቦ ዲንቃ ብድግ አለ። መምጣቱንም አላየሁም ነበር። ከክምሩ አንድ ጆንያ በትከሻው አንሥቶ ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባና ፊቴ ቆመ።

«የት ላስቀምጠው?» አለኝ።

«ከታች። መካከል ላይ» አልኩት።

አስቀመጠው። ተመልሶ ሌላ አመጣ። ከዚያ ማን ይቻለው! ሰዉ ተሻምቶ ጫነ፤ እኔም እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጄን እያወዛወዝኩ አስደረደርኩ። ውኃው አዲሱ መስመር ላይ ሲደርስ ኢንጅነር ሰላማዊት «በቃ!» አለች፤ ክዳኑ ተከደነ፤ ኢንጅነሯ፣ ጋሽ ተፈራ፣ አዴ ብርቄ፣ ኦቦ ዲንቃና እኔ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን፤ ከኋላ የተገጠመው ሞተር ተነሣ።

መሐል ሐይቅ ላይ ነፋሱ መጣ። ኢንጅነሯ ያለርኅራኄ «ሁላችሁም ወደ ግራ!» ብላ አዘዘች። ሄድን። ጀልባዋ ዘንበል አለች፤ ኦቦ ዲንቃ አግዳሚውን በሁለት እጁ ጨመቀ፤ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጀልባዋ ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ ቀና አለች። ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነፋሱን በራሰ በራቸው ይቀበሉ ነበር። «ባሮ ላይ ያለሁ መሰለኝ» አሉ።

ማዶ ደረስን። መንደሩ በሙሉ ዳር ላይ ቆሟል፤ እልል የሚል ግን የለም፤ ያኔ ቀድመው እልል ብለው ነበርና። ክዳኑን ከፈትኩ። ኦቦ ዲንቃ ማንንም ሳይጠብቅ ገባ፤ የላዮቹን ጆንያዎች ወዲያ ወዲህ ገፍቶ መጨረሻ ከሥር የተኛውን ገለበጠ፤ አፉን ፈትቶ ክንዱን እስከ ክርኑ ከተተ። ከታች ዘግኖ አወጣ፤ ጥቂት ፍሬ አፉ ውስጥ ጣለና ቆረጠመ። ስንዴው ጥርሱ ላይ ሲሰበር ድምፁ ተሰማኝ።

«ጎጋዳ!» ብሎ ጮኸ ወደ ሕዝቡ። «ደረቅ ነው! ደረቅ ነው!»

እልልታው ገደሉን መታው። አዴ ብርቄ ነጠላቸውን አውልቀው እያውለበለቡ ውኃው ውስጥ ገቡ። ኢንጅነር ሰላማዊት የፈቃዱን ወረቀት ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትፈርማለች። ኦቦ ዲንቃ እፍኙን ወደ እኔ ዘረጋ፤ የቀረውን ስንዴ መዳፌ ላይ ገለበጠልኝ።

«ቅመስ እንጂ፣ መኮንን» አለኝ።